በእርሳስ የተጻፈ

ኢድዋል፣
ቁልፉን ከሰጠኸኝ ስምንት ወር አለፈ፤
ወንበርህ ግን ዛሬም ጀርባህን እንዳቀፈ።
ቦይለሩ ሲያጓራ፣ ቧንቧው ሲያንኳኳብኝ፣
በዚህ ምድር ቤት ውስጥ ወረቀት ከበበኝ።

በዌልስ ሸለቆ፣ በከሰሉ አገር፣
ቆፋሪው ከደመወዙ ላይ ለሆስፒታል ብሎ ፔኒ ሲቆጥር፣
በዚያ ፔኒ ቆመ የዚህ ቤት ግድግዳ፤
ሲቀጠል፣ ሲቀደድ፣ ሲጠገን፣ ሲጎዳ፣
ለገዛ ፕላኑ ቤቱ ሆነ እንግዳ።

ፕላኑ ግድግዳ ሲል እኔ በር አያለሁ፤
«ደረጃ» ያለው ጋ ቁም ሣጥን ከፍቼ መጥረጊያ አገኛለሁ፤
ሜትርና ባትሪ ይዤ እዞራለሁ፤
ነርሶቹ «ግዌን፣ ቤቱን ልትገዢው ነው?» ሲሉኝ እስቃለሁ።

ማክሰኞ ትመጣ ነበር ወይዘሮ ፕሮበርት፤
ታውቃታለህ አንተ፣ መነጽሯን አውርዳ ያንን ጥያቄ ስታወርድበት፦
«የእሳት በሮቹስ የተፈተሹበት?
የጄኔሬተሩ? የአስቤስቶሱ መዝገብ? የውሃው ሙቀት?»
ሻይ እንኳ አትቀምስም፤
ቀንና ፊርማ ነው የሚያጠግባት።

እሷን ስጠባበቅ ሁለት ነገር አገኘሁ።

አንዱ የኦክስጅን መስመር ፕላን ነው፣ ጠርዙን አይጥ የበላ፤
ቫልቩ ከተሳለበት ከቀይ ክቡ ኋላ፣
አንድ ሰው በእርሳስ፦ «ውሸት፤ እዚህ የለም። ከልብስ ማጠቢያው መስኮት ሥር
ሰባት እርምጃ ቁጠር፤ አትፈልግ ሌላ።»
ማኅተም የለው፣ ቀን የለው፣ ስም የለው።
ሄድኩኝ፣ ቆጠርኩኝ፣ ተንበረከክሁኝ፤ ቫልቩ እዚያው ነው።
እጄን አስጠጋሁ እንጂ አልነካሁትም፤
ከላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከሰል ሳንባውን የበላው ኤምሊን
በእሱ ነው የሚተነፍሰው።

ሁለተኛው ያንተ ነው።
ያለፈው ማርች ገጽ፤ ሠላሳ አንድ መስመር፣ ሠላሳ አንድ ፊርማ፣
ባንድ ብዕር፣ ባንድ ቀለም፣ ባንድ እጅ ዘመማ፤
ስድሳ፣ ስድሳ፣ ስድሳ፤
ቀን መሽቶ የማይነጋበት ውሃ፣ ብርድ የማይሰማ።
ያ ወር እኮ ነው ኔስታ የታመመችበት፣
አንተም ከአልጋዋ ሥር በወንበር ያደርክበት።
አውቃለሁ። አንድ ወር ሙሉውን ባንድ ቀን ሸመንከው፤
ማኅተሙንም አንስተህ ከታች አሳረፍከው።
ማኅተም ምን ያውቃል?
ሲመቱት ይመታል።

ሌሊቱን ሙሉ ወረቀት መቁረጫው አጠገቤ ነበር።
የፈሰሰ ውሃ አይታፈስ፣ አይለካ፣ ማንም አይጠይቅ፣ ይቅር፤
አንዲት ገጽ ናት፣ አልኩኝ። እጄም ሄደ፣ ተመለሰ።
ከላይ አንድ ሰው ቧንቧ ከፈተ፤ ግድግዳው ውስጥ ውሃው እየሮጠ አለፈ፣ ፈሰሰ።

ማክሰኞ ገጿን ራሴ አወጣሁላት፤
«ይህ አልተለካም» አልኳት።
ጸጥ አለች። ጻፈች። «ማን ነው?» አለች ደግሞ፣ ብዕሯን ሳታነሳ፤
«ወንበሩ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ።» ከዚያ በኋላ ስሙን አልጠየቀችም፣ እኔም ሳላነሳ፤
ሃያ ስምንት ቀን ሰጥታን፣ ቦርሳዋን ልታነሳ...
ያኔ እርሳሱን አሳየኋት።
«ማኅተም የለውም» አለች፣ እንደ ልማዷ፤
ግን ወረደች አብራኝ በዚያ በሚያብረቀርቅ ጫማዋ፤
ሰባቱን እርምጃ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቆጠረች፣
በጉልበቷ ወርዳ ቫልቩን አየች፣
አቧራውን በመሐረቧ ጠረገች፣
ምንም ሳትል ወጣች።

አዲሱን ፕላን ሳልኩት፤ ቀኑም፣ ስሜም አለበት።
የድሮውን ግን እርሳሱን አላጠፋሁም፤ እጥፉ ውስጥ ተውኩት።

ዛሬ ጠዋት ኤምሊን ክፍል፣ ቴርሞሜትሬን ቧንቧው ሥር ያዝኩ።
«ሞቀ?» አለኝ ከጭምብሉ ሥር።
«አርባ ሁለት። አልሞቀም» አልኩ።
«አየሽ! ከገና ጀምሮ ስናገር
ወረቀቱ ሙቅ ነው ይሉኛል» አለና ሳቁ ሳል ሆነበት፤
እስኪተነፍስ ጠበቅሁት።

አርባ ሁለት ብዬ ጻፍኩ።
እሁድ እመጣለሁ። ኔስታን ሰላም በልልኝ።